ትምህርት ዐሥራ አራት፦ ማጥበቅና ማላላት

የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ፦

1. ስለ አንድ የሥራ መሣሪያ የተጻፈ ገላጭ ምንባብ አንብበው ፍሬ ነገሩን ያወጣሉ፤
2. በንባብ ሲጠብቁና ሲላሉ ትርጉማቸው የሚለወጥ ግሦችን ይለያሉ፤
3. የሥራን ቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት ያለ አሻሚነት ይጽፋሉ።

ሀ. ምንባብ

ከማንበባችሁ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው። በቤታችሁ ያለው ዶማ ወይም መጥረቢያ ከእጀታው ጋር የተያያዘው በምንድን ነው? ሲላላስ ምን ይደረጋል?

የሚሽከረከር ስለትና አሳሪው

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ላንቴ ትገኛለች። በአባያ ሐይቅ አጠገብ ያለው ይህ ቆላማ ሜዳ በሙዝና በማንጎ ተክል የታወቀ ነው። ገበሬው ሙዙን የሚቆርጠው በገጀራ፣ የመስኖውን ቦይ የሚቆፍረው በዶማ ነው። ገጀራውም ሆነ ዶማው ከብረትና ከእንጨት የተሠራ በመሆኑ፣ ብረቱ ከእንጨቱ እንዳይለያይ የሚያደርግ አንድ ብልኀት ያስፈልገዋል። ስለት ያለው መሣሪያ ሁሉ ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል፤ አንደኛው «በምን ይታሰራል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «በምን ይፈታል?» የሚል ነው።

የቀድሞ ሰዎች ለነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ሰጥተዋል። የዶማ እጀታ አንደኛው ጫፉ ወፈር ያለ ነው። ብረቱ በቀጭኑ በኩል ገብቶ ወደ ወፍራሙ ጫፍ ይሄዳል። ቆፋሪው ዶማውን በወነጨፈ ቁጥር ብረቱ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ከወፍራሙ ጫፍ ጋር ይበልጥ እየተጣበቀ ይሄዳል። በበሬ በሚታረስበት አገርም ማረሻው በእንጨቱ ሹል ጫፍ ላይ እንደ ቆብ ይጠለቃል። በሬዎቹ ሲጎትቱ መሬቱ ማረሻውን ወደ እንጨቱ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ማረሻው በሥራ ላይ እያለ አይወልቅም። ሁለቱም መሣሪያዎች አንድ ሕግ ይከተላሉ። ይኸውም የሥራው ኃይል ራሱ ማሰሪያውን እንዲያጠብቅ ማድረግ ነው። ለማውለቅ የፈለገ ሰው ደግሞ በሥራው ተቃራኒ አቅጣጫ መታ መታ ያደርገዋል።

የሚሽከረከር ነገርም ለጋሞ ምድር እንግዳ አይደለም። በዶርዜና በአካባቢው ደጋ ሴቶች ጥጥ የሚፈትሉት በእንዝርት ነው። እንዝርት ቀጭን ዘንግና በዘንጉ ላይ የተሰካች ክብ ክብደት አለው። ክብደቲቱ በዘንጉ ላይ ጠበቅ ብላ ከገባች ሌላ ማሰሪያ አያሻትም፤ የፈታዪቱ እጅ የሚሰጣት ፍጥነት አነስተኛ ነውና።

ዛሬ ግን በየመንገዱ ዳር በሚገኙት የብረትና የእንጨት ሥራ ቤቶች ውስጥ የሚሽከረከረው ክብ ስለት በኤሌክትሪክ የሚዞር ነው። በር፣ መስኮትና ጋሪ ከሚሠራበት ቤት የሚሰማው ስለታም ጩኸት ብዙውን ጊዜ የግራይንደር ድምፅ ነው። ይህ መሣሪያ ከፍተኛ ፍጥነት ያለው ሆኖ በጀርመን አገር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተስፋፍቷል። አነስተኛው ግራይንደር 115 ወይም 125 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ ይይዛል፤ ትልቁ 230 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ይይዛል። አነስተኛው በአንድ ደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። የዲስክ ጠርዝ እንዲያልፈው የማይፈቀደው የተለመደ ፍጥነት በሰከንድ 80 ሜትር ነው። ይህም በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የሚዞር ዲስክ ቢላላ ወይም ቢሰበር፣ ስባሪው ከጥይት እምብዛም የማይሻል አደጋ ያደርሳል።

እንግዲህ ይህ ዲስክ በምን ታስሯል? ከግራይንደሩ ራስ 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የብሎን ጥርስ የወጣለት አጭር ዘንግ ይወጣል። በዘንጉ ላይ በመጀመሪያ ውስጠኛው ደጋፊ ክብ ብረት ይቀመጣል። ከዚያ ላይ ዲስኩ ይገባል። በመጨረሻም ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ክብ ዳዶ ከላይ ይጠመጠማል። ዲስኩ በሁለቱ ክብ ብረቶች መካከል ተጨምቆ ይያዛል እንጂ በራሱ ዘንጉ ላይ አይጠመጠምም። ዳዶው አንዱ ፊቱ ጠፍጣፋ ሲሆን በሌላው ፊቱ በኩል እብጠት አለው። ወፍራም የመሞረጃ ዲስክ ሲታሰር እብጠቱ ወደ ዲስኩ ቀዳዳ እንዲገባ ይደረጋል፤ ቀጭን የመቁረጫ ዲስክ ሲታሰር ደግሞ ጠፍጣፋው ፊት ወደ ዲስኩ ይዞራል። ይህን የሚያዛባ ሰው ዲስኩ ሳይጨመቅ እንዲቀር ወይም እንዲሰነጠቅ ያደርጋል።

የዶማውና የማረሻው ሕግ እዚህም ይሠራል። ዳዶውን ፊት ለፊት ሆነን ብንመለከተው፣ የግራይንደሩ ዘንግ የሚዞረው ሰዓት ቆጣሪ ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው። ዳዶው የሚጠብቀው ግን ሰዓት ቆጣሪው በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ማሽኑ ሲነሣም ሆነ ዲስኩ ብረት ሲነካ፣ ዲስኩ ወደ ኋላ የመቅረት ጠባይ አለው። ወደ ኋላ ሲቀርም ዳዶውን ይዞ ስለሚጎትት ማሰሪያው ይበልጥ ይጠብቃል። በጠረጴዛ ላይ ተተክሎ በሁለት ጫፉ ሁለት የመሳያ ድንጋይ የሚያዞረውን ማሽን ብንመለከት ይህ ሕግ ይበልጥ ይገለጥልናል። ከፊቱ ለሚቆም ሠራተኛ በቀኝ በኩል ያለው ዳዶ እንደ ተለመደው ዳዶ ሁሉ ሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ይጠብቃል። በግራ በኩል ያለው ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ነው የሚጠብቀው። ይህ ባይሆን ኖሮ አንደኛው ድንጋይ በሥራ ላይ እያለ ራሱን በራሱ በፈታ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው የግራውን ዳዶ ሊፈታ ሲታገል ይበልጥ ያጠብቀዋል። የብስክሌት የግራ ፔዳልም ጥርሱ በግራ የተቆረጠ ስለሆነ በዚሁ መንገድ ስንቱን ጀማሪ አስቸግሯል።

የእንጨት መቁረጫው ክብ መጋዝ ደግሞ ስለቱ የሚታሰረው በመካከሉ በሚገባ ብሎን ነው። ለዚህ የሚሆነው የታወቀ መመሪያ እንዲህ ይላል፤ ብሎኑ የሚፈታው ስለቱ በሥራ ጊዜ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። የጥርሶቹ ጫፍ የሚያመለክትበት አቅጣጫ ከመጋዙ መከለያ ላይ ከተሣለው ቀስት ጋር መስማማት ይኖርበታል፤ ካልተስማማ ስለቱ ተገልብጦ ገብቷል ማለት ነው።

ዲስክን ማውለቅ ከማሰር ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከሁሉ በፊት ሶኬቱ ይነቀላል፤ በባትሪ የሚሠራ ከሆነም ባትሪው ይወጣል። መቀጣጠያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። መብራት በሚጠፋበትና በድንገት በሚመለስበት አገር መቀጣጠያው ሳይዘጋ የተረሳ ማሽን፣ ከዳግም መነሣት የሚጠብቅ መሣሪያ ከሌለው፣ መብራቱ ሲመጣ በሰው እጅ ውስጥ ሊነሣ ይችላል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ በማሽኑ ራስ ላይ ያለው የዘንግ መቆለፊያ ተጭኖ፣ ዲስኩ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል። መቆለፊያው ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ዘንጉ ቀጥ ይላል። ከዚህ በኋላ ሁለት ጥፍር ያለው መፍቻ ዳዶው ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ዳዶው ይፈታል። ማሽኑ እየዞረ ሳለ መቆለፊያውን መጫን የውስጡን ማርሽ ይሰብራል።

አንዳንድ ጊዜ ዳዶው በሥራው ኃይል እጅግ ከመጥበቁ የተነሣ እንቢ ይላል። ሹል ብረት ደግኖ በመዶሻ መምታት የዳዶውን ቀዳዳ ያበላሻል፤ መቆለፊያውንም ይሰብራል። ዲስኩ ያለቀ ከሆነ፣ ሶኬቱ እንደ ተነቀለና የዓይን መከላከያ እንደ ተደረገ፣ የቀረው ጠርዝ በፒንሳ ጥቂት በጥቂት እየተሰበረ እስከ ዳዶው ሥር ሲነሣ ጫናው ይቀንስና ዳዶው ይላላል።

ከማሰሪያው ይልቅ የሚከፋው ግን የአሠሪው ድፍረት ነው። ትልቁ ዲስክ ብዙ ይቆርጣል በማለት መከለያውን አንሥተው 230 ሚሊ ሜትር የሆነውን ዲስክ በትንሹ ግራይንደር ላይ የሚያስሩ ሰዎች አሉ። የዘንጉ ውፍረት አንድ ስለሆነ ዳዶው ሳይከለክል ይቀበላቸዋል። ነገር ግን ያ ዲስክ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ሲዞር የጠርዙ ፍጥነት በሰከንድ 132 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ ከተፈቀደው ከአንድ ዕጥፍ ተኩል በላይ ሲሆን፣ ዲስኩን ወደ ውጭ የሚቀድደው ጫና ወደ ሦስት ዕጥፍ ይጠጋል፤ ጫናው የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነውና። ዳዶው የቱንም ያህል ቢጠብቅ እንዲህ ያለውን ዲስክ ከመፈንዳት አያድነውም። ስለዚህ በዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር በማሽኑ ላይ ከተጻፈው ማነስ የለበትም። በመካከለኛው የብረት ቀለበት ላይ የታተመውም የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ያላለፈ መሆን አለበት።

ማሰሪያው እየተሻሻለ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ያለ ዳዶና ያለ መፍቻ በመጫን ብቻ የሚታሰር፣ እጀታ በመሳብ የሚፈታ ኤክስ ሎክ የሚባል ብልኀት አውጥቷል። ይሁን እንጂ በብዙ ሥራ ቤቶች ውስጥ ያለው ዛሬም ዳዶውና ባለ ሁለት ጥፍሩ መፍቻ ነው። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ ስለ ሻሽ መናገራቸው ነበር፤ ምክሩ ዳዶ ለሚጠመጥምም ሰው ይሆናል።

ለ. የቃላት ፍች

ዳዶ — ብሎን ላይ የሚጠመጠም፣ በውስጡ ጥርስ ያለው ማሰሪያ ብረት።
መፍቻ — ዳዶን ወይም ብሎንን ለማጥበቅና ለማላላት የሚያገለግል መሣሪያ።
ዘንግ — ተሽከርካሪ ነገር የሚሰካበት ቀጥ ያለ ብረት ወይም እንጨት።
ጫና — ክብደት፣ ግፊት፣ ኃይል የሚያሳድረው ጭነት።
መከለያ — ስባሪና ፍንጣሪ ወደ ሠራተኛው እንዳይመጣ የሚጋርድ ሽፋን።
አሻሚ — ሁለት ወይም ከሁለት የበለጠ ትርጉም ሊሰጥ የሚችል።
ወነጨፈ — በኃይል አወዛውዞ ሰነዘረ፣ ወረወረ።

ሐ. ሰዋስው

1. በንባብ ማጥበቅና ማላላት

በሥራ ቤት ዳዶ እንደሚጠብቅና እንደሚላላ ሁሉ በቋንቋችንም ፊደል ይጠብቃል፣ ይላላል። አንድ ፊደል ጠንክሮና ተጭኖ ሲነበብ «ጠበቀ» እንላለን፤ ሳይጫን ሲነበብ «ላላ» እንላለን። የፊደላችን ቅርፅ ግን በመጥበቁም ሆነ በመላላቱ አይለወጥም። ስለዚህ አንባቢ የቃሉን ትርጉም የሚያገኘው ከዐረፍተ ነገሩ አገባብ ነው። የሚከተሉትን ተመልከቱ።

ይጠብቃል፦ «ብ» ላልቶ ሲነበብ ጥብቅ ይሆናል ማለት ነው። ምሳሌ፦ ዲስኩ ብረት ሲነካ ዳዶው ይጠብቃል። «ብ» ጠብቆ ሲነበብ ግን ይቆያል ወይም ዘብ ይቆማል ማለት ነው። ምሳሌ፦ ሠራተኛው ዘንጉ እስኪቆም ድረስ ይጠብቃል።

ይፈታል፦ «ፈ» እና «ታ» ላልተው ሲነበቡ አድራጊ ግሥ ነው። ምሳሌ፦ ባለሙያው ዳዶውን ይፈታል። ሁለቱም ጠብቀው ሲነበቡ ተደራጊ ግሥ ነው። ምሳሌ፦ ዳዶው በመፍቻ ይፈታል።

ይሰማል፦ «ሰ» እና «ማ» ላልተው፦ ጎረቤቱ የግራይንደሩን ድምፅ ይሰማል። ጠብቀው፦ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል።

አለ፦ «ለ» ላልቶ፦ መምህሩ «አቁም!» አለ። «ለ» ጠብቆ፦ መፍቻው ጠረጴዛው ላይ አለ።

ማስታወሻ፦ በትእዛዝ አንቀጽ የመጀመሪያው ግሥ በጽሕፈትም ይለያል። ጥብቅ ይሁን ለማለት «ይጥበቅ» ብለን እንጽፋለን፤ ይቆይ ለማለት ግን «ይጠብቅ» እንላለን። በሁለተኛ መደብም «አጥብቅ» እና «ጠብቅ» ይለያያሉ። ስለዚህ የሥራ መመሪያ የሚጽፍ ሰው በትእዛዝ አንቀጽ ቢጠቀም አሻሚነትን ይቀንሳል።

2. ጊዜን የሚወስኑ መስተጻምሮች

«ማሽኑ ሲቆም ዳዶው ይፈታል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ። «ሲቆም» ማለት በመቆም ላይ ሳለ ማለት ነው ወይስ ከቆመ በኋላ? ሁለቱም ይቻላል። ዲስክ መቀጣጠያው ከተዘጋ በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች መዞሩን ስለሚቀጥል፣ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ያለው ልዩነት የጣት ዋጋ አለው። ጸሐፊው ከሚከተሉት አንዱን ቢመርጥ ትርጉሙ ይጠራል።

ከ… በኋላ፦ ማሽኑ ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ዳዶውን ፍታ።
እስኪ፦ ዘንጉ ፈጽሞ እስኪቆም ድረስ እጅህን አታስጠጋ።
ሳይ፦ ሶኬቱን ሳትነቅል መፍቻውን አታንሣ።

መ. ድርሰት፦ የሥራን ቅደም ተከተል ማስረዳት

የሥራን ቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት አንባቢው እያነበበ የሚሠራበት ጽሑፍ ነው። አንባቢው ዓይኑን ከገጹ፣ እጁን ከመሣሪያው ሳያነሣ አንድ ዐረፍተ ነገር እያነበበ አንድ ሥራ ይሠራል። በመሆኑም የዐረፍተ ነገሮቹ ቅደም ተከተል የእጁ ቅደም ተከተል መሆን አለበት። የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አነጻጽሩ።

አንቀጽ አንድ
«ዲስክ ሲቀየር ዳዶው ወደ ግራ ዞሮ ይፈታል። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል። ከዚያም ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ሲደረግ ሶኬቱ የተነቀለ መሆን አለበት።»

አንቀጽ ሁለት
«በመጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል። ዲስኩ ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ማሽኑን አጋድመው። የዘንጉን መቆለፊያ ተጭነህ፣ ዘንጉ ቀጥ እስኪል ድረስ ዲስኩን በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙር። ዳዶውን ፊት ለፊት እያየህ፣ ሰዓት ቆጣሪ ከሚዞርበት በተቃራኒ አዙረህ ፍታው። አሮጌውን ዲስክ አውጣና ደጋፊውን ክብ ብረት ጥረግ። አዲሱ ዲስክ ያልተሰነጠቀ መሆኑን፣ የተጻፈበትም የዙር ቁጥር ከማሽኑ የማያንስ መሆኑን አረጋግጠህ አስገባው። ዳዶውን መልሰህ አጥብቅ። መፍቻውን ካወጣህና መከለያውን ካስተካከልህ በኋላ ሶኬቱን ሰካ፤ ሰው ወደሌለበት አዙረህ፣ ከዲስኩ አንጻር ሳትቆም፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ባዶውን አዙረው።»

የመጀመሪያው አንቀጽ የያዘው ሐሳብ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ሦስት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛ፣ ሊቀድም የሚገባው ማስጠንቀቂያ በመጨረሻ መጥቷል፤ አንባቢው ወደ እርሱ ሳይደርስ እጁ ዲስኩ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ «ወደ ግራ» የሚለው ቃል ከየት ሆነን እንደምናይ አይናገርም፤ ከማሽኑ ጀርባ የሚያይ ሰው በተቃራኒው ያዞራል። ሦስተኛ፣ «ይጠብቃል» የሚለው ግሥ ዳዶውን ይሁን ሰውየውን አይለይም። ሁለተኛው አንቀጽ እነዚህን ሁሉ አስተካክሏል፤ ርዝመቱም ከንቱ ርዝመት አይደለም።

እንግዲህ ይህን ዓይነት ድርሰት ስትጽፉ አራት ነገሮችን አስታውሱ፦
ሀ) አደጋን የሚከለክለው ትእዛዝ ከሥራው ይቅደም፤
ለ) በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከሁለት የበለጠ ሥራ አይታጨቅ፤
ሐ) አቅጣጫ ስትናገሩ የተመልካቹን መቆሚያ ግለጹ፤
መ) መሣሪያውን ባለሙያው በሚጠራበት ስም ጥሩት።

ሠ. መልመጃዎች

መልመጃ አንድ። ከምንባቡ በመነሣት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. ዶማ፣ ማረሻና የግራይንደር ዳዶ የሚከተሉት የጋራ ሕግ ምንድን ነው?
2. የእንዝርት ክብደት ዳዶ የማያስፈልጋት ስለምንድን ነው?
3. በጠረጴዛ ላይ በተተከለው የመሳያ ማሽን የግራው ዳዶ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጠብቅበትን ምክንያት አስረዱ።
4. መቀጣጠያውን ማጥፋት ብቻውን የማይበቃው ለምንድን ነው?
5. «ዳዶው ሳይከለክል ይቀበላቸዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ ምን አደጋ ያስጠነቅቃል?

መልመጃ ሁለት። የሚከተሉትን ቃላት አንድ ጊዜ ጠብቀው፣ አንድ ጊዜ ላልተው እንዲነበቡ አድርጋችሁ በሁለት በሁለት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አግቧቸው፦ ይጠብቃል፣ ይፈታል፣ ይሰማል፣ አለ።

መልመጃ ሦስት። የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች አሻሚ ናቸው። አሻሚነታቸውን ካስረዳችሁ በኋላ አስተካክላችሁ ጻፏቸው።
1. ስለቱ ሲቆም መከለያው ይነሣል።
2. ብሎኑን ወደ ቀኝ አዙር።
3. ዳዶው በደንብ ካልታሰረ ይፈታል፤ ከዚያም ይጠብቃል።

መልመጃ አራት። ድርሰት። ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ።
ሀ) የላላ ዶማ ወይም መጥረቢያ እንዴት ይጠብቃል?
ለ) የብስክሌት ጎማ እንዴት ይፈታል፣ እንዴትስ ይታሰራል?
ሐ) የብረት መቁረጫ መጋዝ ምላጭ እንዴት ይቀየራል?

ከመጻፋችሁ በፊት ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ ሄዳችሁ ባለሙያውን ጠይቁ፤ የመሣሪያዎቹንም ስም ከአፉ መዝግቡ። ከጻፋችሁ በኋላ ድርሰታችሁን ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛ ስጡት። እርሱም ከእናንተ አንዳች ሳይጠይቅ፣ መሣሪያውን ሳይነካ፣ በመጀመሪያ ምን፣ በመጨረሻም ምን እንደሚያደርግ በቃሉ ይንገራችሁ። በተሳሳተበት ቦታ ሁሉ ዐረፍተ ነገራችሁ ላልቷልና መልሳችሁ አጥብቁት።